የጠዋቷ ተረካቢ

ሥራና ትምህርት አጣምረው ይዘው ከመንገድ የሚቀሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሩት በራሳቸው ጥፋት ነው። ጊዜ አጣን፣ አለቃ ከለከለን፣ ቤተሰብ ከበደን ይላሉ፤ ጠጋ ብሎ ለመረመራቸው ግን የሚወድቁበትን እንቅፋት በገዛ እጃቸው ሲያስቀምጡ ይገኛሉ። ይህ ፍርድ ጨካኝ ነው፤ ጨካኝ መሆኑ ብቻ ግን ሐሰት አያደርገውም። የአንዲት ረዳት ነርስ ታሪክ ያጸናው ወይም ይሽረው እንደሆነ ከዚህ በታች ይታያል።

ሴትዮዋን በምትሠራበት የወንዶች የውስጥ ደዌ ክፍል በስሟ የሚጠራት የለም። «እትዬ» ነው የሚሏት፤ ሐኪሞቹም፣ የጽዳት ሠራተኞቹም፣ በዕድሜ የሚበልጣት የሌሊቱ ነርስ ሳይቀር። ስሙን ያመጣችው ታናሽ እህቷ ናት። ታናሺቱ ከነርስ ኮሌጅ ተመርቃ እዚያው ክፍል የተመደበች ዕለት፣ ኮሪደሩ መሐል ቆማ «እትዬ! ጓንት የት ነው የምታስቀምጡት?» ብላ ስትጣራ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ስሙንም ወረሰው። የታናሺቱ የቤት ስም ሚጢ ነው። በክፍሉ ግን ሲስተር ትባላለች፤ ሙሉ ነርስ ናትና።

በረዳት ነርስና በሙሉ ነርስ መካከል ያለው ልዩነት ከውጭ ለሚያይ አይታይም። ሁለቱም ነጭ ይለብሳሉ፤ በሽተኛ ሁለቱንም ሲስተር ይላል። ረዳቷ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች፣ ሙቀትና የደም ግፊት ትለካለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ የሞተውን ትገንዛለች። መርፌ ግን አትወጋም፤ መድኃኒትም በራሷ ሥልጣን አትሰጥም። ሕመም የጠናበት ሰው እጇን ጨብጦ ሲማጸናት የምትሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ሲስተር አሁን ትመጣለች።» እትዬ ይህን መልስ ሥራ ከያዘች ጀምሮ ስትሰጥ ኖራለች። አንድ ጊዜ ብቻ ለእናቷ «እጅ እያለኝ እጅ የለኝም» ብላ ነበር። ከዚህ የባሰ ምሬት ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ሁለቱ እህቶች በትምህርት እኩል ነበሩ። አባታቸው ሲሞት ግን ቤቱ አንዷን እንጂ ሁለቱን ማስተማር አልቻለም። ታላቂቱ አጭሩን ሥልጠና ወስዳ ቶሎ ሥራ ያዘች፤ ታናሺቱ ኮሌጅ ገባች። እናታቸው ያን ጊዜ «እሷ ትጨርስ እንጂ ከዚያ በኋላ ያንቺ ተራ ነው» አለች። ታናሺቱ ጨረሰች። ከዚያ ሥራ ያዘች፤ ከዚያ አገባች፤ ከዚያ የእናታቸውን ዓይን ሞራ ጋረደው። የታላቂቱ ተራ ቦታ እንዳጣ የቤት ዕቃ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሲገፋ ኖረ። መቼ እንደሚደርስ የጠየቀ አልነበረም፤ እርሷም አልጠየቀችም።

በመጨረሻ ሳትጠይቅ ተመዘገበች። በከተማው ካሉት ኮሌጆች አንዱ ለሠራተኞች የማታ ክፍል ነበረው። ቀን አንሶላ ስታነጥፍ ትውልና ማታ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የመድኃኒት ስም የምታጠናው አልጋ እያነጠፈች ነበር፤ አንዱን ጫፍ ስታጥፍ ስሙን፣ ሌላውን ስታጥፍ መጠኑን፣ ትራሱን ስትመታ ደግሞ የጎንዮሽ ጉዳቱን ታነበንባለች። በሽተኞቹ ጸሎት ይመስላቸው ነበር። አንዱ «ሲስተር፣ ለኔም ጨምሪበት» አላት፤ እርሷም «ላንተማ የጨጓራውን አድርሻለሁ» ብላ አለፈች። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሲጥላት ጀርባዋን አቅንታ፣ እስክሪብቶዋን እንደ ጨበጠች ስለምታንቀላፋ፣ የክፍል ጓደኞቿ «እትዬ ስታንቀላፋ እንኳ ሥነ ሥርዓት አላት» ይሉ ነበር። እግሯ ያብጥ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ተኝታ መውረጃዋን ያለፈችበት ቀን ጥቂት አይደለም። ያም ሆኖ ከዓመት ዓመት ተሻገረች፤ አንድም ትምህርት አልወደቀችም። ይህ ጀግንነት አይደለም። የጀመሩትን ነገር ከልብ መያዝ ነው፤ ልዩ የመሰለው ሌላው ሰው ስለማያደርገው ብቻ ነው።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ኮሌጁ የማታውን ክፍል ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። በዚያ ዓመት የሚጨርስ ይጨርሳል፤ ያልጨረሰ ከቀን ተማሪዎች ጋር ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቀን የሚሠራ ሰው ቀን ሊማር አይችልም። ስለዚህ ለእትዬ የቀረው በር አንድ ሆነ፤ እርሱም የተግባር ፈተናው ነበር። በፈተናው ተማሪዋ በፈታኞች ፊት አንድ በሽተኛ ተረክባ ከላይ እስከ ታች ትንከባከባለች። ተራው በዕጣ ይወጣል። ተራዋ ተጠርቶ ያልተገኘች እንደ ወደቀች ትቆጠራለች።

ለተግባር ልምምዱ ስትል ለጊዜው ወደ ሌሊት ፈረቃ ተዛውራ ነበርና ከፈተናው በፊት ያለችውን አንዲት ሌሊት ፈቃድ ጠየቀች። የክፍሉ ኃላፊ ፀጉሯን በሥራው ላይ ያሸበተች፣ ቃሏ የማይታጠፍ ነርስ ናት።

«ሲስተር፣ እባክዎ ያችን ሌሊት ብቻ ይልቀቁኝ።»

«በማን ልተካሽ? አንዷ ወልዳለች፣ አንዷ ታማለች። ከየት ላምጣ?»

«ፈተናው ጠዋት ነው።»

«አውቃለሁ። ሌሊቱን ስጪኝ፣ ጠዋቱን እሰጥሻለሁ። የጠዋቷ ተረካቢ ታናሽሽ ናት። ከገባች በኋላ እትዬን እዚህ ኮሪደር ላይ እንዳላያት።»

ቃሉ ይህ ነበር፦ ሌሊቱን ስጪኝ፣ ጠዋቱን እሰጥሻለሁ።

እዚህ ላይ ስለዚያ ክፍል ሕግ መናገር ያስፈልጋል። ርክክቡ በቃል አይፈጸምም፤ ገቢዋና ወጪዋ ከአልጋ ወደ አልጋ አብረው እየሄዱ፣ እያንዳንዱን በሽተኛ በዓይን አይተው፣ የተሰካውን ቱቦ ነክተው ነው የሚረካከቡት። ተረካቢ ሳይገባ ክፍሉን ጥሎ የሚወጣ የለም። ሕጉ ትክክል ነው። ሰው ግን በሕጉ ላይ የራሱን ልማድ ደርቦበት ነበር። ሚጢ ታረፍድ ነበር። ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ እጇ ቀና፣ አንደበቷ ለስላሳ፣ ሌላው የተቸገረበትን የደም ሥር በመጀመሪያው ሙከራ የምታገኝ ነርስ ናት። ከተመደበች ጀምሮ ግን ከርሷ በፊት እትዬ በክፍሉ ውስጥ ነበረች። ለሌላ ሰው አርፍዶ መምጣት ነውር ነው፤ ለእትዬ አርፍዶ መምጣት ግን እንደ ቤት ነገር ተቆጠረ። ሚጢ ከቤቷ ሳትወጣ ስልክ አንስታ «ደርሻለሁ እትዬ» ትላለች። ኃላፊዋ ከቢሮዋ ደውላ «የጠዋቷ ገብታለች?» ስትል እትዬ «ገብታለች» ትላለች። «አገናኚኝ» ስትባል «መድኃኒት ክፍል ናት»፣ «እጇን እየታጠበች ነው»። በዚህ ዓይነት ሁለት እህቶች አንዲት ትንሽ ውሸት በጋራ ሲያሳድጉ ኖሩ፤ አንዷ ትወልዳት ነበር፣ አንዷ ታዝላት ነበር።

ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት ሚጢ ፈረቃዋን ጨርሳ ስትወጣ እትዬ በሩ ላይ ይዛ አቆመቻት።

«ነገን አደራ።»

«ነገማ ወፍ ሳይንጫጫ ነው የምመጣው! ምነው፣ እንደዚህ ታዪኛለሽ?»

«እንደዚህማ አይደለም ያየሁሽ፣ ከዚህ በባሰ ነው» አለች እትዬ፤ ሁለቱም ሳቁ። ሚጢ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፤ «ነገ ማታ እንደኔው ሲስተር ነሽ» አለቻት፤ ከልቧም ነበር።

እትዬ የተማሪ ልብሷን ተኩሳ በላስቲክ ሸፍና አንሶላ ክፍሉ ውስጥ ሰቀለችው። ጎህ ሲቀድ ከመስኮቱ ሥር የተኛው በሽተኛ ትንፋሹ ተዛብቶ በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላከ። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ነርስ ሊያጅበው ግድ ነው። አካሄዱ የወታደር ስለሆነ ሻለቃ የሚሉት የሌሊቱ ነርስ አብሮ ተሳፈረ። «እትዬ፣ ተረካቢሽ አሁን ትደርሳለች፤ አይዞሽ» አላት። በክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ከበሽተኞቹ አንዱ አባባ የሚሏቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ የሚተነፍሱት በኦክስጅን ነበር፤ የሲሊንደሩ መለኪያ መርፌ ወደ ታች ማዘንበል ጀምሯል።

የመውጫዋ ሰዓት ሲደርስ ለሚጢ ደወለች።

«ደርሻለሁ እትዬ፣ ደርሻለሁ! በር ላይ ነኝ!»

ስልኩን ሳታስቀምጥ የግድግዳው ስልክ ጮኸ። ኃላፊዋ ነበረች።

«ሻለቃ በአምቡላንስ ሄደ አሉኝ። ዛሬ ፈተናሽ አይደል? የጠዋቷ ገብታለች? ካልገባች ከቀዶ ሕክምና አንዷን አሁኑኑ ልላክልሽ፤ እኔ ስብሰባ ልገባ ነው።»

ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እውነተኛው ቃል «አልገባችም» ነው፤ ለመናገርም ከሌላው አይከብድም። እትዬ ግን የእህቷን ጥፋት ስትሸፍን በኖረችበት ዓመት ሁሉ ምላሷ ያንን መንገድ ብቻ ለምዶ ነበር። ደግሞም በር ላይ ነኝ ብላታለች። ከበሩ እስከ ክፍሉ ምን ያህል ነው?

«ገብታለች፣ ሲስተር።»

«ጎሽ። እንግዲያው ምን ትሠሪያለሽ? ውጪ! ይቅናሽ።»

ስልኩ ተዘጋ።

በሩ ላይ ማንም አልነበረም። እትዬ በመስኮት አየች፤ ጠበቀች፤ ደግማ አየች። የተማሪ ልብሷን ለበሰችና ካፖርቷን ከላይ ደረበች። መልሳ ደወለች።

«መንገዱ ተዘጋግቶ ነው እትዬ! እማዬ ትሙት፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ!»

ከሚጢ ድምፅ ኋላ ግን የመኪና ጥሩምባ አልነበረም። ሬዲዮ ነበር፤ ሰው ይስቃል፤ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ይዞራል። እትዬ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ እጇ ላይ ያለ እንግዳ ዕቃ ይመስል አየችው።

በኋላ እንደ ታወቀው ሚጢን ያገዳት ነገር አልነበረም። አልታመመችም፣ አደጋ አልደረሰባትም። በጊዜ ተነስታ ለብሳ ነበር። ባሏ ወንድሙን ይዞ ለቁርስ ቀርቦ ነበርና «ትንሽ ቅመሺ» ሲሏት ተቀመጠች። እትዬ አለች ብላ ተቀመጠች። ቀኑን ረስታው አልነበረም፤ ታስታውሰው ነበር። ያልታሰባት ነገር እትዬ የማትኖርበት ጠዋት ሊኖር እንደሚችል ነው።

እትዬ ኮሪደሩን ተሻግራ የሴቶቹን ክፍል ነርስ ለመነች።

«ለጥቂት ጊዜ እይልኝ፣ አሁን ትደርሳለች።»

«የኔን ጥዬ ያንቺን? እትዬ፣ አንቺው ታውቂዋለሽ፣ ያልተረከብኩትን አልይዝም። አንድ ነገር ቢፈጠር ማነው ተጠያቂው?»

ትክክል ነበረች። እትዬ የጽዳት ሠራተኛዋን ወደ ኃላፊዋ ላከቻት። ሴትዮዋ እያለከለከች ተመለሰች።

«ዘበኛው በሩን ይዞ ቆሟል። ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሕንፃው ቢቃጠል እንኳ አንኳኩተህ ንገረን አላሉኝም አለኝ።»

«የኔ ጉዳይ ነው አላልሽውም?»

«ብዬዋለሁ። ‘እትዬማ ወጥታለች፣ ሲስተር ራሳቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ’ ብሎ አፈጠጠብኝ።»

እትዬ ካፖርቷን እንደ ለበሰች በሩ ላይ ቆመች። አንድ እግሯ ኮሪደሩ ላይ ነበር። አባባ ከአልጋቸው ሆነው ያዩዋት ነበር፤ ጭምብሉን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ።

«ሲስተር፣ ፈተና አለብሽ አሉ። ሂጂ እንጂ። እኔ እንደሆን የትም አልሄድም።»

«ጭምብሉን ይመልሱ አባባ።»

«ብሄድም ሳላስፈቅድሽ ነው የምሄደው፤ አንቺን አይጠይቁሽም።»

ሳቀች። ከዚያ ወደ ሲሊንደሩ አየች፤ መርፌው ቀዩን መስመር ሊነካ ነው። ካፖርቷን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችና ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር አዲሱን ሲሊንደር እየገፉ አመጡ። ንጹሑ የተማሪ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጠቆረ።

ፀሐይ መስኮቶቹን ሞልታ ሳለ ሚጢ ሽቶዋ ቀድሟት ገባች። «በሞቴ እትዬ፣ ሩጪ! ሩጪ! ሁሉንም እኔ አየዋለሁ!» እትዬ አልሮጠችም። ወደ መጀመሪያው አልጋ ሄዳ «ሌሊቱን ሙቀት ነበረው» ብላ ጀመረች፤ ከአልጋ ወደ አልጋ፣ ከቱቦ ወደ ቱቦ፣ አንዱንም ሳታልፍ አስረከበች። ሚጢ ከኋላዋ እየተከተለች ታለቅስ ነበር። ክፍሉን በሥርዓት ያስረከበችው ለእልህ አልነበረም፤ ሌላ አሠራር አታውቅም።

ኮሌጁ ስትደርስ ፈታኞቹ ጓንታቸውን አውልቀዋል። አስተማሪዋ ኮሪደር ላይ አገኘቻት።

«ተራሽ ተጠርቷል። ሁለት ጊዜ ነው ያስጠራሁሽ።»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«ሁላችሁም ሥራ ላይ ናችሁ። ከአንቺ ጋር የገቡት በሙሉ ከሥራ ነው የመጡት።»

«ተረካቢ አጥቼ ነው፣ መምህር። በሽተኛ ጥዬ አልወጣም።»

አስተማሪዋ የልብሷን ጉልበት አየች፤ ድምፅዋ ትንሽ ላላ። «ስሚ። የክፍልሽ ኃላፊ ራሷ መጥታ ‘በሥራ ምክንያት ያቆየናት እኛ ነን’ ካለች ኮሚቴው ሌላ ቀን ይሰጥሻል። ፈታኞቹ እስከ ነገ አሉ። ከነገ በኋላ ግን ፈተናውም የለም፣ ኮሚቴውም የለም።»

እትዬ ከዚያው ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች። ኃላፊዋ ከስብሰባ ወጥታ ነበር። እስክትጨርስ ሳታቋርጥ ሰማቻት፤ ከዚያም መነጽሯን አወለቀች።

«ምን ብዬ ልመስክርልሽ? ደውዬ ጠየቅኩሽ። ሌላ ሰው ልላክ አልኩሽ። ገብታለች አልሽኝ።»

«ስለ ታናሼ ብዬ ነው፣ ሲስተር።»

«ስለ ታናሽሽ ብለሽ ለኔ ዋሸሽ። አሁን ደግሞ ስላንቺ ብዬ እኔ ልዋሽ?»

ኃላፊዋ መነጽሯን መልሳ አደረገች።

«እውነቱን እናገራለሁ፤ እርሱን አልከለክልሽም። ግን ሙሉውን ነው የምናገረው። ጠዋት የምትረከበው ነርስ አርፍዳለች፣ ስትጠየቅ ታክሲ ውስጥ ነኝ ብላለች፣ ረዳቷም ሸፍናላታለች እላለሁ። ይህን ለኮሌጁ ከተናገርኩ አስተዳደሩም መስማቱ አይቀርም። ታናሽሽ በዚህ ወር የፈረቃ መሪ ትሆናለች ተብላ ታጭታለች፤ እርሱን ትርሳው። ልሂድልሽ ወይስ ልተወው? ነገ ጠዋት ንገሪኝ።»

ኃላፊዋ በተናገረችው ሁሉ ትክክል ነበረች። ነገር ግን ፈቃድ በተከለከለችበት ቀን የተሰጠው ቃል «ታናሽሽ ትሰጥሻለች» አልነበረም፤ «እሰጥሻለሁ» ነበር። ቃል የሰጠ ሰው ቃሉን በስልክ ጠይቆ ወደ ስብሰባ አይገባም። ወርዶ በዓይኑ ያያል። ክፍሉ ለአንድ ቱቦ እንኳ በዓይን ማየትን ሕግ ያደረገ ክፍል ነበር፤ የአንዲት ሴት ጠዋት ግን በስልክ ተረከበ።

ማታ ከእናቷ ጋር ወደምትኖርበት ቤት ስትገባ ሚጢ ቀድማ ደርሳለች። እናታቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሚጢን ራስ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታሻሽ ነበር። ሁለት ክፍል ባለው በዚያ ቤት ውስጥ ለቅሶ የሚደበቅበት ቦታ የለም።

«መጣሽ?» አለች እናትየዋ፤ በማታይ ዓይኗ ወደ በሩ ዞራ። «ይቺ ልጅ ከመጣች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አንድ ነገር በያት።»

«ምን ልበላት እማዬ?»

«ይቅር ብዬሻለሁ በያት።»

ሚጢ ቀና አለች። ፊቷ አብጧል። «እትዬ፣ ነገ ሄጄ እኔው እነግራቸዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። ሹመቱ ይቅር፣ ይቅር!»

ይህን ያለችው ከልቧ ነበር። እትዬም ሰማች፤ በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ ሊቃና ይችል ነበር። እናትየዋ ግን የሚጢን እጅ ያዘች።

«ምን ሆነሽ ነው? ትዳር ይዘሽ፣ ሹመት በደጅሽ ቆሞ፣ ልዋረድ ነው የምትይኝ? ባልሽስ ቤተሰቦቹስ ምን ይላሉ?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ታላቂቱ ዞረች። «ልጄ፣ ሁለታችሁም ከአንድ ማህፀን ናችሁ፤ አላዳላም። ግን አንቺ ችለሽ ኖረሻል። እሷ አትችልም።»

ሚጢ እናቷን አየች፣ እህቷን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። «እኔው እነግራቸዋለሁ» ያለችውን አልደገመችውም። አንድ ጊዜ ብትደግመው ኖሮ ይበቃ ነበር።

እትዬ ወደ እህቷ ሄደች። በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት። «በይ ተነሺ፣ እህል ቅመሺ» አለቻት። እናትየዋ «እሰይ» አለች፤ ነገሩ በሰላም ያለቀ መሰላት። በዚያ ቤት አንዲት ሴት የዕድሜዋን ሙሉ ተስፋ መጣሏን ማንም አላየም፤ አንዷ ዓይን ስላልነበራት፣ ሌላዋ ዓይኗን ስለሰበረች።

በማግስቱ ኃላፊዋ «ምን ወሰንሽ?» ስትላት እትዬ «ይተዉት ሲስተር» አለች። ኃላፊዋ ትኩር ብላ አየቻት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለች። «ይተዉት» አለች እትዬ ደግማ። ጉዳዩ እዚያ ላይ ተዘጋ፤ የማታውም ክፍል በዓመቱ መጨረሻ ተዘጋ።

ሚጢ የፈረቃ መሪ ሆነች። የተማሪ ልብሱ ጉልበቱ ላይ ያለው ጥቁር አልለቅ ስላለ ተቀድዶ የወለል መጥረጊያ ሆነ። እትዬ አሁንም ስታነጥፍ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር ለትንሽ ጊዜ፤ ከዚያ ተወች። አባባ ድነው ወጡ፤ በሩ ላይ እጇን ይዘው «ፈተናው እንዴት ሆነ?» አሏት። «አለፈ» አለቻቸው። ማለፉን እንጂ ማለፏን አልነገረቻቸውም። እርሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ሄዱ። የእግዜር ሰላምታ የሚያህል ውሸት ነበር፤ ለበሽተኛ የተነገረ ስለሆነ እንኳ ልናልፈው እንችል ይሆናል። እርሷ ግን ከበሽተኛ በላይ ለጤነኞች ብዙ ዋሽታ ነበር።

ሚጢ ለጥቂት ሳምንታት በሰዓቷ መጣች። ከዚያ አንድ ቀን ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ሌላ ቀን ከዚያ የበለጠ። አንድ ጠዋት እትዬ ከሌሊት ፈረቃ ልትወጣ ስትጠብቅ ስልኳ ጮኸ።

«ደርሻለሁ እትዬ፣ በር ላይ ነኝ!»

እትዬ በመስኮት አየች። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። የግድግዳውም ስልክ ወዲያው ጮኸ።

«የጠዋቷ ገብታለች?» አለች ኃላፊዋ።

እትዬ ደግማ በመስኮት አየች።

«አልገባችም።»

«እሺ፣ ሰው እልካለሁ» አለች ኃላፊዋ፤ ስልኩንም ዘጋች።

ያ ብቻ ነበር። ቁጣ አልተሰማም፤ ሹመት አልተሻረም፤ ቤት አልፈረሰም። ብዙም ሳይቆይ ከቀዶ ሕክምና ክፍል አንዲት ነርስ እጅጌዋን እየሰበሰበች መጣችና «በይ እትዬ፣ ከየትኛው አልጋ ነው የምንጀምረው?» አለች። እትዬ ከመጀመሪያው አልጋ ጀምራ አስረከበቻት፤ ከዚያ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። ውጭው ገና ጠዋት ነበር፤ የምትሄድበት ፈተና ግን አልነበረም። በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እህቷ ከታክሲ ወርዳ እየሮጠች በአጠገቧ ስታልፍ አላየቻትም። እትዬም አልጠራቻትም።

በመጀመሪያ የተነገረው ፍርድ አልተሻረም፤ እንቅፋቱን በገዛ አንደበቷ ያስቀመጠች እርሷ ናት። ነገር ግን ፍርዱ ያላየው ነገር አለ፦ ያን አንደበት ያሠለጠኑት ሌሎች ናቸው፤ ባረፈደች ቁጥር ያተረፈችው፣ በዓይኗ ሳታይ ያመነችው፣ አንቺ ቻይ ነሽ እያለች ተራዋን የገፋችው። ለእትዬ የሚገባትም ብዙ አልነበረም። ሌሊቱን ሰጥታለች። የሚገባት ጠዋቱ ነበር፤ አልሰጧትም።